ማላጋሲን ተከትለን፦ ከአንታናናሪቮ እስከ አምባላቫው

ቅዳሜ፣ አንታናናሪቮ

ከቦሌ ተነስተን አምስት ሰዓት ገደማ በርረን ኢቫቱ አውሮፕላን ማረፊያ አረፍን። ሰዓታችንን መቀየር አላስፈለገንም፤ ማዳጋስካር የምትሄደው በእኛው ሰዓት ነው። አየሩ ግን ሌላ ነው። ነሐሴ ነበር። አዲስ አበባን በጭቃና በዝናብ ትተናት መጣን። እዚያ የጠበቀን ጥርት ያለ ሰማይና አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ከምድር ወገብ በታች ስለሆኑ ነሐሴ ለእነሱ ደረቁ የብርድ ወቅት ነው።

ከማረፊያው እስከ መሀል ከተማ ያለው መንገድ 16 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ቅር አላለኝም፤ የሚታይ ሞልቷል። ከተማው መሀል የሩዝ ማሳ አለ። ሩዙ ታጭዶ ስላለቀ ሰዎች የማሳውን ጭቃ እየቆረጡ ጡብ ይሠራሉ። ኮረብታው ላይ ሹል ጣሪያ ያላቸው ቀያይ ቤቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። ታክሲዎቹ ክሬም ቀለም የተቀቡ አሮጌ ሬኖና ሲትሮይን ናቸው። ሰማያዊ ላዳ ስንሳፈር ላደግን ሰዎች እንግዳ አልሆኑብንም።

ወደዚህች ደሴት የሳበኝ ቋንቋዋ ማላጋሲ ነው። ማዳጋስካር ከሞዛምቢክ ጠረፍ የምትርቀው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቋንቋዋ የቅርብ ዘመድ ግን አፍሪካ ውስጥ የለም። ያለው ኢንዶኔዥያ ነው፤ ቦርንዮ ደሴት ላይ፣ ባሪቶ ወንዝ ዳር። በመካከላቸው 7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ውቅያኖስ አለ። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ማላጋሲን በጆሮዬ መስማት እፈልግ ነበር። አብሮኝ የሄደው ባልንጀራዬ ልጅነቱን ጎጃም ውስጥ በቆሎ ተማሪነት ያሳለፈ፣ አሁን አዲስ አበባ ሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። እሱ የመጣው ለዕረፍት ነበር። ኋላ ግን ከማንም በላይ የጠቀመው እሱ ነው።

ያረፍነው ላይኛው ከተማ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት ነው። ራማቱዋ እንላቸው ነበር፤ ወይዘሮ እንደማለት ነው። አንድ ክፍል ከነቁርሱ በቀን 80,000 አሪያሪ አከራዩን። ያኔ 1 ዶላር ከ4,500 አሪያሪ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ራማቱዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸውና ሻንጣችንን ሳናራግፍ አንድ ወረቀት አምጥተው ማስተማር ጀመሩ።

ማላጋሲ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ 21 ፊደላት አሉት። ሲ፣ ኪው፣ ዩ፣ ደብሊውና ኤክስ የሉም። ‹ኦ› ተብሎ የተጻፈው ‹ኡ› ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ እኛ አንታናናሪቮ የምንላትን ባለቤቶቹ አንታናናሪቩ ይሏታል። የቃሉን የመጨረሻ አናባቢ ደግሞ ይውጡታል። ሥርዓቱን የወሰነው ንጉሥ ራዳማ ቀዳማዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1823 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)። ከዌልስ የመጡ ሚስዮናውያን ነበሩ ያኔ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ የሚያስተምሩት። ተናባቢው እንደ እንግሊዝኛ፣ አናባቢው እንደ ፈረንሳይኛ እንዲሆን ተስማሙ። ማታውኑ ራማቱዋ የጋዜጣ ርዕስ አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። ምን እንዳነበብኩ ባላውቅም ራማቱዋ ግን ሁሉንም ሰምተው ገባቸው።

እራት ሩዝ ነው። ቁርስም፣ ምሳም ሩዝ ነው። እኛ ‹እንጀራ በላህ ወይ› እንደምንለው እነሱ ዘንድ ምግብ ማለት ሩዝ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማባያ ነው። ያን ማታ የነበረው ሩማዛቫ ይባላል። የበሬ ሥጋ ከጎመን መሰል ቅጠሎች ጋር የተቀቀለበት ቀጭን መረቅ ነው። አንደኛው ቅጠል ምላስን ያደነዝዛል። ሳካይ የሚሉት የቃሪያ ድልህ ከጎን ይቀርባል። ለእኛ አልበቃንም፤ ሁለቴ አስጨመርን። መጠጡ ራኑቩላ ነው። ሩዙ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ድስቱ ላይ ያረረው ላይ ውሃ ጨምረው ያፈሉታል። ቀለሙ ወርቅማ ነው፤ ሽታው የቆሎ ነው። ወድጄዋለሁ።

ማዕዱ ላይ አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘው። ባልንጀራዬ ጨው ሲፈልግ ራማቱዋ ‹ከሳህንህ በስተ ሰሜን ነው› አሉት። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። ማላጋሲዎች ቤት ውስጥም ግራና ቀኝ ብዙ አይሉም። ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ይላሉ።

እሑድ፣ አምቡሂማንጋ

ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ አምቡሂማንጋ የሚባል የነገሥታት ኮረብታ አለ። ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ታክሲ ለሙሉ ቀን በ120,000 አሪያሪ ተዋዋልን። ሹፌሩ መንገድ ላይ ለነዳጅ ቅድሚያ ጠየቀ። ነዳጁ የተቀዳው በሁለት የውሃ ፕላስቲክ ነው። ቁልቁለት ሲሆን ሞተር ያጠፋል።

ኮረብታው ላይ በ1810 የሞተው የንጉሥ አንድሪያናምፑኢኒሜሪና ቤት ቆሟል። ስሙ ለምላስ ከብዶ ይሆናል፤ ሙሉው ግን ከዚህም እጥፍ ይረዝማል። ‹በቀኝ እግር ግቡ› አለን አስጎብኚው፣ ‹ስትወጡ ጀርባችሁን አትስጡ፣ የኋሊት ውጡ።› እንደተባልነው ገባን። ውስጡ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ጥቁር ሳንቃ፣ መሀል ላይ ጣሪያውን የተሸከመ አንድ ረጅም ምሰሶ፣ ምድጃ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ አልጋ። የጥንት ቤት በር ወደ ምዕራብ ነው። ሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን የአያት ቅድመ አያት ነው፤ ልመና የሚቀርበው እዚያ ነው።

ከዚያ አስጎብኚው አራቱን ማዕዘናት እየዞረ በስማቸው ጠራቸው። ሰሜን ምሥራቁን ‹አላሃማዲ›፣ ደቡብ ምሥራቁን ‹አሱሩታኒ›፣ ደቡብ ምዕራቡን ‹አዲሚዛና›፣ ሰሜን ምዕራቡን ‹አዲዛዲ› አለው። በማዕዘኖቹ መካከል በየግድግዳው ሁለት ሁለት ስም አለ፤ በድምሩ 12 ናቸው።

ባልንጀራዬ ክንዴን ያዘኝ። ‹ሚዛን አላለም?› አለኝ። ‹ድገምልን በለው።› ልጁ ከመጀመሪያው ደገመልን። ‹አላሃማዲ።› ባልንጀራዬ ‹ሐመል› አለ። ‹አዳውሩ።› ‹ሠውር።› ‹አዲዛውዛ።› ‹ገውዝ።› ‹አሱሩታኒ።› ‹ሸርጣን።› እንዲህ እየተቀባበሉ ሄዱ። አላሃሳቲ ሲል አሰድ፣ አሱምቡላ ሲል ሰንቡላ፣ አዲሚዛና ሲል ሚዛን። አላካራቡ ዓቅራብ ነው፤ አላካውሲ ቀውስ፣ አዲዛዲ ጀዲ፣ አዳሉ ደለዊ። ልጁ የመጨረሻውን ‹አሉሁትሲ› ከማለቱ ባልንጀራዬ ‹ሑት!› ብሎ ጮኸ። የቤቱ ጠባቂ ከውጭ አንገቱን አስግጎ አየን።

ደብተራዎቻችን የሰውን ኮከብ ሲቆጥሩ የሚጠሯቸው 12ቱ ስሞች፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ አንድም ሳይጎድል እዚያ የንጉሥ ቤት ግድግዳ ላይ ነበሩ። ምስጢሩ ዐረብኛ ነው። ሁለታችንም የተዋስነው ከዚያ ነው። ወደ ማዳጋስካር ያመጧቸው የሕንድ ውቅያኖስን እየተመላለሱ ሲነግዱ የነበሩ ሙስሊሞች ናቸው። ማላጋሲዎች ስሞቹን ለኮከብ ብቻ አልተውአቸውም፤ ለቀደመው አቆጣጠራቸው የወር ስም አደረጓቸው፤ ቤት ሲሠሩም በቤቱ ዙሪያ ደረደሯቸው። ዕጣ ፈንታን ቪንታና ይሉታል፤ እያንዳንዱ ወር፣ ቀንና ማዕዘን የራሱ ቪንታና አለው። ቀን የሚቆጥረው ሰው ምፓናንድሩ ይባላል። ሠርግ፣ የቤት መሠረት፣ የሙታንን አጽም አውጥቶ አዲስ ጨርቅ የማልበስ ሥርዓታቸው፣ ሁሉም እሱን ጠይቆ ነው የሚቆረጠው። እናቴ ለእህቴ ሠርግ ቀን ስታስቆጥር አስታውሳለሁ፤ አስጎብኚው ሲያስረዳን ብዙ አላስቸገረንም።

የሳምንቱ ቀኖችም እንዲሁ ናቸው። እሑድን አላሃዲ፣ ረቡዕን አላሩቢያ፣ ሐሙስን አላካሚሲ፣ ዓርብን ዙማ ይላሉ። ሐሙስና አላካሚሲን ጎን ለጎን ሆኖ ሲሰማ ማን ይስታቸዋል?

ስንመለስ ስለ ሰሜንና ደቡብ ለራማቱዋ አነሳንላቸው። ‹እሱ ከዐረብ አይደለም› አሉ፣ ‹እሱ ከነፋስ ነው።› ሰሜን በማላጋሲ አቫራትራ ነው። የማላጋሲ ዘመድ በሆነው፣ ኢንዶኔዥያ አካባቢ በሚነገረው በማላይ ቋንቋ ባራት ማለት ግን ምዕራብ ነው። ደቡብ አትሲሙ ነው፤ የማላዩ ቲሙር ግን ምሥራቅ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን የሚፈቱት በባሕርተኛ ልማድ ነው። አቅጣጫው የተሰየመው በሚነፍስበት ወቅታዊ ነፋስ ነበር። ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ በኢንዶኔዥያ ባሕር ከምዕራብ ይነሳል፤ እዚህ ደግሞ ከሰሜን በኩል ይመጣል። ሰዎቹ የነፋሱን ስም ይዘው መጡ፤ አቅጣጫው ዞረ።

ሰኞ፣ አንትሲራቤ

ኤር ኤን 7 የሚባለው ዋና መንገድ ከአንታናናሪቮ ወደ ደቡብ ይወርዳል። እስከ አንትሲራቤ 170 ኪሎ ሜትር ነው። ታክሲ ብሩስ በሚሉት ሚኒባስ ለአንድ ሰው 20,000 አሪያሪ ከፈልን። መኪናው ሞልቶ እስኪነሳ ብዙ ጠበቅን፤ መናኸሪያ የትም ያው ነው። ቁርሳችንን እዚያው ቆመን በላን። ሙፉ ጋሲ ይባላል። ከሩዝ ዱቄት የተቦካ ሊጥ በክብ ቅርጽ ብረት ላይ ተጋግሮ በትኩሱ ይሸጣል። ጣፈጥ፣ ኮምጠጥ ይላል። ቡናው ቀጭን ነው፣ ስኳሩ ግን ብዙ ነው። በቡና ነገር ከእኛ ሰው ጋር መከራከር አይቻልምና አልፈዋለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እንግሊዝኛውን ሊለማመድብኝ ፈለገ፤ እኔ ደግሞ ማላጋሲውን ፈለግሁ። ተስማማን። ‹ልጁ ሩዝ በላ› በለኝ አልኩት። ‹ኒሂናና ቫሪ ኒ ዛዛ› አለ። ቃል በቃል ‹በላ ሩዝ ልጁ› ነው። ግሱ ይቀድማል፣ አድራጊው መጨረሻ ይመጣል። የእኛን ዓረፍተ ነገር ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ማለት ነው። ጊዜው ደግሞ ግሱ አፍ ላይ ነው የሚታየው። ሚሂናና ይበላል፣ ኒሂናና በላ፣ ሂሂናና ሊበላ ነው። ‹ም› አሁን፣ ‹ን› ትናንት፣ ‹ህ› ነገ።

እሱና እሷ አይለያዩም፤ ሁለቱም ኢዚ ናቸው። አንተና አንቺም እንዲሁ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ትልቅ እረፍት ነው ብዬ ሳልጨርስ ልጁ ሌላ አመጣ። ‹እኛ› ሁለት ነው። ኢሲካ ካሉ የሚሰማው ሰው አለበት፤ ኢዛሃይ ካሉ የለበትም። ‹እኛ ምሳ ልንበላ ነው› ሲባል ተጋብዘህ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ከቃሉ ታውቃለህ። ወንድምና እህትም የተናጋሪውን ጾታ ይከተላሉ። ወንዱ ወንድሙን ራሃላሂ ይለዋል፣ ሴቷ ወንድሟን አናዳሂ ትለዋለች።

አንትሲራቤ ስንደርስ ፀሐይ ነበረች፣ ማታ ግን በካፖርት ተኛን። ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት፤ ፍል ውሃ አላት። ስሟም ‹ጨው የበዛበት› ማለት ነው። መንገዱ ሁሉ ሰው እየሮጠ የሚጎትተው ባለ ሁለት እግር ጋሪ ነው። ፑስ ፑስ ይሉታል። እያንዳንዱ በቀለም የተጻፈ ስም አለው። ለአጭር መንገድ 2,000 አሪያሪ ይጠይቁ ነበር። ሰው ሰውን ሲጎትት ማየት ከበደኝ፤ ባልንጀራዬ ግን ‹ካልተሳፈርንስ ምን ይበላል?› አለ። ተሳፈርን፣ ዳገቱ ላይ ግን ወርደን በእግራችን ሄድን።

አንትሲራቤን የቆረቆሯት የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮናውያን ናቸው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የማላጋሲን የትውልድ መንደር ያገኘውም ማዳጋስካር ውስጥ ያገለገለ የኖርዌይ ሚስዮናዊ ነው፤ ኦቶ ክርስቲያን ዳል። ከማላይ ጋር ያለው ዝምድና ከድሮም ይታወቅ ነበር። በ1603 ፍሬደሪክ ደ ሃውትማን የሚባል የኔዘርላንድ መርከበኛ የማላይና የማላጋሲ ቃላትን አንድ ላይ አሳትሟል። ዳል ግን በ1951 ማላጋሲን ባሪቶ ወንዝ ዳር ከሚነገረው ማአንያን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከኢንዶኔዥያ መቶዎች ቋንቋዎች መሀል የቅርብ ዘመዱ ይህ ነው ብሎ አሳየ።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቆቅልሽ አለ። ማአንያኖች በወንዝ ዳር የሚያርሱ ሰዎች ናቸው፤ ባሕርተኞች አይደሉም። ታዲያ ውቅያኖሱን እንዴት ተሻገሩ? መልሱን የሚጠቁሙት ቃላቱ ናቸው። በማላጋሲ ውስጥ ያሉት የመርከብና የባሕር ቃላት ብዙዎቹ ከማላይ የመጡ ናቸው። ከጃቫም አሉ። በእነዚህ በኩል የገቡ ጥቂት የሳንስክሪት ቃላትም አሉ። መርከቡን የያዙት ማላዮች፣ ከተሳፈሩት ብዙዎቹ የባሪቶ ሰዎች ነበሩ ብለው የሚያምኑ ሊቃውንት አሉ። ከተሳፈሩ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኗል። ይህን የጻፈ አንድም የመርከብ ጸሐፊ የለም። ያለው ምስክር ሰዎቹ እስከ ዛሬ የሚናገሩት ቋንቋ ነው። ለዚህ ነው ቋንቋን የሚያህል መዝገብ የለም የምለው።

ማክሰኞ፣ አምቡሲትራን አልፎ

አምቡሲትራ እንጨት የሚጠርቡ ሰዎች ከተማ ናት። ምሳ በላንና አለፍን። ሆቴሊ የሚሉት ማደሪያ አይደለም፣ ምግብ ቤት ነው። ራቪቱቱ አዘዝኩ፤ የካሳቫ ቅጠል ተወቅጦ የሚሠራ ወጥ ነው። ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነውና ቀድሜ ያለ ሥጋ አልኩ። እንደ ተራራ ከተቆለለ ሩዝ ጋር 5,000 አሪያሪ። ጎመን ክትፎ የሚወድ ሰው ይወደዋል።

ከዚያ በኋላ ጥቂት እንደሄድን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም አየር አልነበረውም። ሹፌሩ በሚያልፍ ሞተር ብስክሌት ጎማውን አስጭኖ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ዳር ተቀመጥን። ክሪኩ ከእኛ መኪኖች ክሪክ አይለይም፤ እኛም ጎማ፣ ፍሬን፣ ክሪክ የምንለው ከጣሊያን ወስደን አይደል?

ልጆች ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ መጡ። ‹ቫዛሃ› ይሉናል፣ የውጭ ሰው ማለታቸው ነው። ከዚያ በጠጠር መቁጠር አስተማሩን። ኢራይ፣ ሩዋ፣ ቴሉ፣ ኤፋትራ፣ ዲሚ፣ ኤኒና፣ ፊቱ፣ ቫሉ፣ ሲቪ፣ ፉሉ። ማስታወሻዬ ላይ ማአንያኖች የሚቆጥሩበትን ጽፌ ይዤ ነበር። ሦስት ቴሎ፣ አራት ኤፓት፣ አምስት ዲሜ፣ ስድስት ኤኔም፣ ሰባት ፒቱ፣ ስምንት ዋሎ። እነዚያን አነበብኩላቸው። ልጆቹ ‹ልክ ያልሆነ ማላጋሲ› ነው ብለው እየሳቁ አረሙኝ። አንዲት ልጅ ፒቱ ባልኩ ቁጥር ‹ፊቱ! ፊቱ!› ትላለች። ከቦርንዮ የመጣውን ‹ፕ› ወደ ‹ፍ› እየመለሰች ነበር፤ ቋንቋው ራሱ ድሮ እንዳደረገው። እሳት በማላይ አፒ፣ በማላጋሲ አፉ ነው። ድንጋይ ባቱ የነበረው ቫቱ ሆኗል፤ ጨረቃ ቡላን የነበረችው ቩላና ሆናለች።

አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ከደሴቱ ምዕራብ ነበሩ። እሳቸው አምስትን ዲሚ ሳይሆን ሊሚ አሏት፤ በማላዩም ሊማ ናት። ከሰሜን እስከ ደቡብ ቋንቋው አንድ ነው ቢባልም እያንዳንዱ አገር የራሱ ለዛ አለው። ኦፊሴላዊው ማላጋሲ የቆመው የአንታናናሪቮ አካባቢ ሜሪናዎች በሚናገሩት ላይ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲያስረዱ ቅሬታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። እውነት አላቸው። የዋና ከተማ አነጋገር ሌላውን ሲጫነው እኛም እናውቀዋለን።

ፊያናራንትሱዋ የገባነው ሌሊት ነው።

ረቡዕ፣ አምባላቫው

ከፊያናራንትሱዋ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ሄደን አምባላቫው ደረስን። ረቡዕና ሐሙስ የከብት ገበያ አለ። ሻኛቸው የገዘፈ፣ ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶች ከሩቅ ደቡብ በእግር እየተነዱ ይመጣሉ። ነጋዴዎቹ ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ረጅም ዱላ ይዘው ቆመዋል። ብርድ ልብሱን በጋቢ ብትተካው ባቲ ገበያ የቆምክ ይመስልሃል።

የማላጋሲ ሁለተኛ እግር እዚህ ገበያ ላይ ይታያል። ከብት ኡምቢ ነው፤ በስዋሂሊ ንጎምቤ። በግ ኡንድሪ ነው፤ በስዋሂሊ ኮንዶ። ዶሮ አኩሁ፣ በስዋሂሊ ኩኩ። ውሻ አምቡዋ፣ በስዋሂሊ ምብዋ። የሩዙና የባሕሩ ቃል ከምሥራቅ መጣ፤ የቤት እንስሳው ቃል ከአፍሪካ ምድር ነው። ሕዝቡም እንዲሁ ነው። የማላጋሲዎች የዘር ግንድ ከሁለቱም መምጣቱን የደም ምርመራው ያረጋግጣል። ቋንቋው የእስያ ነው ብሎ አፍሪካዊነታቸውን የሚጠራጠር ካለ አንድ ረቡዕ አምባላቫው ቢውል ይበቃዋል።

ከሰዓት በኋላ አንታይሙሩ የሚባለው ወረቀት የሚሠራበት ቦታ ገባን። መግቢያ አልጠየቁንም። አቩሃ ከሚባል ቁጥቋጦ የተላጠ ልጥ በትልቅ በርሜል ይቀቀላል። ሁለት ሴቶች ልጡን በእንጨት መዶሻ ይወቅጡታል፤ ምቱ የሙቀጫ ምት ነው። የተወቀጠው እንደ ጉርሻ ይድቦለቦላል። ከዚያ ውሃ ውስጥ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ አንዷ ልጅ በጣቷ እያማታች ትበትነዋለች። ውሃው ሲንጠፈጠፍ ቀጭን ገጽ ሆኖ ይቀራል። እርጥብ ሳለ አበባ ይደረደርበታል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አንዱን በ10,000 አሪያሪ ገዛሁ።

ዛሬ የፖስታ ካርድ የሚሆነው ይህ ወረቀት ድሮ የመጽሐፍ ገጽ ነበር። ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ያሉት አንታይሙሩዎች ማላጋሲን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። ጽሕፈቱ ሱራቤ ይባላል፤ ታላቁ ጽሕፈት ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ካቲቡ ይባላሉ፤ ከዐረብኛው ካቲብ ነው። የነገሥታትን ታሪክ፣ መድኃኒትና ኮከብ ቆጠራ ይጽፉበት ነበር። መጻሕፍቱን ለማንም አያሳዩም ነበር። አንድሪያናምፑኢኒሜሪና እነዚህን ጸሐፊዎች ወደ ቤተ መንግሥቱ አስመጣቸው። ልጁ ራዳማ መጀመሪያ የተማረው የእነሱን ፊደል ነው። በኋላ የላቲኑን የመረጠውም ያው ልጅ ነው። ባልንጀራዬ ወረቀቱን ሲደባብስ ቆየ። ብራና ፍቆ ያውቃል። ‹ይሄ ይሻላል› አለ፣ ‹ፍየል አይታረድበትም።›

ሐሙስ፣ ፊያናራንትሱዋ

ባደርንበት ግቢ ቩዲኡንድሪ ነበር፤ የሴት ልጅ መጠየቂያ ሥርዓት ነው። ስሙ የበግ ዳሌ ማለት ነው። ድሮ ለልጅቷ ወላጆች የሚሰጠው እሱ ነበር፣ አሁን ገንዘብ ሆኗል። የቤቱ ሰዎች ‹ግቡ፣ ግቡ› ብለው ከኋላ አስቀመጡን። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ተናጋሪ ተነሳ። ንግግሩ ካባሪ ይባላል። በ2021 ዩኔስኮ መዝግቦታል። የወንዱ ወገን ተናጋሪ ለረጅም ጊዜ የተናገረው ይቅርታ ብቻ ነው። ታላላቆች እያሉ እኔ በመቆሜ፣ ምላሴ ቢስት፣ ስም ብዘነጋ ይቅር በሉኝ ይላል። ከዚያ ምሳሌያዊ አነጋገር ይደረድራል። የልጅቷ ወገን ስህተት ሲያገኝበት ይቀጣዋል፤ ቅጣቱ በብር ኖት ነው፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። የእኛን ሽማግሌዎች በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ። ‹ቁጭ በሉ› ሲባሉ ‹ጉዳይ አለን› የሚሉትን።

ራሱን ዝቅ አድርጎ የተናገረውን ተናጋሪ አደነቅሁት። ማስታወሻ አልያዘም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲናገር አንድ የፈረንሳይኛ ቃል አልሰማሁም። መንገድ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ጠረጴዛው ላታባትራ፣ ሻዩ ዲቴ፣ ቅቤው ዲቤራ ነው፤ ሁሉም ከፈረንሳይኛ የተወሰደ፣ ከስሙ በፊት ከሚገቡት ‹ላ› እና ‹ዱ› ጋር። የትምህርቱ ግን ከሚስዮናውያኑ እንግሊዝኛ ነው። መጽሐፍ ቡኪ፣ ትምህርት ቤት ሴኩሊ ይባላል። ማን ወጥ ቤት እንደገባ፣ ማን ትምህርት ቤት እንደከፈተ ከቃሉ ይታወቃል።

ማታ ወደ አንታናናሪቮ በሚመለሰው መኪና ተሳፈርን።

ዓርብ፣ አናላኬሊ

አናላኬሊ መሀል ከተማው ገበያ ነው። ለረጅም ዘመን ዓርብ ዓርብ ትልቁ ገበያ የሚቆመው እዚህ ነበር፤ ስሙም ዙማ፣ ዓርብ ነበር። ዛሬ ያ ገበያ ተበትኗል። መጽሐፍ ሻጮቹ ግን ደረጃው አጠገብ አሉ። የአንደኛ ክፍል ማንበቢያ አነሳሁ። ሻጯ ‹ዲማንዛቱ ሲ ሩዋ አሪቩ ሲ ኢራይ አሊና› አለችኝ። ማላጋሲ ቁጥርን ከትንሹ ነው የሚጀምረው። አምስት መቶ፣ እና ሁለት ሺህ፣ እና አንድ እልፍ። አሊና እንደ ግዕዙ እልፍ 10,000 ነው። 12,500 ማለቷ ነው። ለአሮጌ ማንበቢያ በዛብኝ። ባልንጀራዬ ሒሳብ ሠራተኛ አይደል፤ ቀድሞ ገባው። ‹በፍራንክ ነው የምትጠራልህ› አለ። የማላጋሲ ፍራንክ ከገበያ ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። አምስት ፍራንክ አንድ አሪያሪ ነበር። ብዙ ሰው ግን ዋጋ ሲጠራ እስካሁን በፍራንክ ያስባል። ሻጯ ካልኩሌተር አወጣች፣ ለአምስት አካፈለች፣ አሳየችን። 2,500 አሪያሪ።

መጽሐፉን ይዤ ራማቱዋ ዘንድ ገባሁ። መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ሩዝ ዘር ነው፤ ጮክ ብዬ አነበብኩ። የመጨረሻ አናባቢዎቹን አልዋጥክም ብለው ደግመው አስነበቡኝ። እራት እስኪቀርብ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል።